በማዳበሪያ ጆንያ የመጡት ካሴቶች

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ ወለተሐና፣

የናፍቆትና የአክብሮት ሰላምታዬ እዚያ ፕራግ ድረስ ይምጣልዎት። ያ የግራ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ተመስገን ደህና ነን። አባባ እዚያ አንኮበር ገብሱን ውርጭ ሳይቀድመው ለመሰብሰብ እየተሯሯጠ ነው፤ «እህቴን ሳሚልኝ» ብሏል።

«በቴሌግራም የተቆራረጠ ነገር አትላኪብኝ፣ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል» ስላሉኝ ይኸው በኢሜይል ሙሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደግሞም ነገሩ በቁርጥራጭ የሚነገር አይደለም!

ባለፈው ሐሙስ ጠባሴ ባለችው የፎቶና ቪዲዮ ሱቄ ውስጥ ፎቶ እያተምኩ ሳለ አንድ ሃምሳውን ያለፉ ሰው የማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው ገቡ። እህል የያዙ መስሎኝ «ወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ነው አባቴ» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ጆንያውን ወለሉ ላይ ፈቱት። የድሮ የቪዲዮ ካሴት! ቆጠርኩት፤ አርባ ሦስት። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥርና የሙሽሮች ስም በስክሪብቶ ተጽፏል።

ሰውየው አቶ ወርቅአገኘሁ ይባላሉ። ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው እዚህ መጠለያ ከገቡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። በነበሩበት ቀበሌ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርግና ክርስትና ሲቀርጹ ኖረዋል። ሲወጡ ታዲያ ካሜራውን ትተው ካሴቶቹን ያዙ።

«ለምን ካሜራውን አልያዙም?» አልኳቸው።

«ካሜራ የትም ይገዛል ልጄ። የነንጋቷ ሠርግ ከየት ይገዛል?» አሉኝ። ቀጠል አድርገው ደግሞ፣ «ባለቤቴ ጆንያው ጤፍ መስሏት ነበር። በሁለተኛው ቀን ፈታ አየችው። እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች» ብለው ሳቁ።

የመጠለያው ሰዎች አብዛኞቹ የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው። ፎቶም ምንም ይዘው አልወጡም። ከጥር በኋላ ብዙዎቹ ወደተለያየ ቦታ ስለሚሄዱ፣ ሳይበተኑ አንድ ቀን ተሰብስበው ሠርጎቻቸውን ማየት፣ ከዚያም በየስልካቸው መያዝ ይፈልጋሉ። «ትችያለሽ?» አሉኝ። እንዴት እንደምችል ሳላውቅ «እችላለሁ» አልኩ!

ካሴት ማጫወቻ ዴክ ከአብዱልሀሚድ አገኘሁ። የአልዩ አምባው ልጅ፣ ቴሌቪዥን ጠጋኙ። ሁለት የሞቱ ዴኮች ነበሩት፤ አንዱን አርዶ ሌላውን አስነሣልኝ። ከዴኩ ወደ ኮምፒውተር ምስል የምታስገባ ጣት የምታህል ዕቃም ገዛሁ። የቸገረኝ ፕሮግራሙ ነው። ከዕቃዋ ጋር የመጣው ፕሮግራም በቀጥታ ትንሽ የኤምፒፎር ፋይል ይሠራል፤ ቀላል ነው። ሁሉም የሚያወድሰው ደግሞ ሃንድብሬክ የሚባለው የቪዲዮ መለወጫ ነው። ሌላው ኤፍኤፍምፔግ የሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራ ነው፤ አንድ የሚጫኑት ቁልፍ እንኳ የለውም። የትኛው ይሻላል ይላሉ?

የወንድምዎ ልጅ
ሔራን አድማሱ


ፕራግ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሔራን፣

የአባቶቼ አምላክ በሄድሽበት ይቅደምሽ። ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ ሆኗል፤ ደረጃ ሲያይ ይነጫነጫል፣ ሜዳ ሲያይ ይሄዳል። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት ግን ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ ለታችኛዋ ጎረቤቴ ልነግራት ሄድኩ! ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ የፊልም ቤተ መዛግብት ውስጥ የሠራሁት ሥራ ይኸው አይደል? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሙያዬ የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

መጀመሪያ ልቆጣሽ። «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል» ብለሽ ጀመርሽ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ፕሮግራም የሚመረጠው ማን ሊያይ ነው፣ በምን ሊያይ ነው፣ ስንት ዓመት ሊቆይ ነው ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ ነው።

እኔ እንዲህ እመልሰዋለሁ። ሁለት ዓይነት ቅጂ ያስፈልግሻል። አንዱን እናት ቅጂ በዪው። ካሴቱ ላይ ካለው ምስል ምንም ሳይጥል የሚቀመጥ ነው። ትልቅ ነው፣ ቦታ ይበላል፣ ስልክ ላይ አይከፈትም፤ ይሁን። ሁለተኛው ልጅ ቅጂ ነው፤ ከእናቲቱ የሚወለድ፣ ትንሽ፣ በየሰዉ ስልክ የሚዞር። ልጅ ቅጂ ቢበላሽ ከእናቲቱ ሌላ ይሠራል። እናት ከሌለች ግን የተበላሸው እንደተበላሸ ነው።

ስለዚህ ሃንድብሬክ ጥሩ ነው፤ ግን ልጅ ማውጣት እንጂ ከዴክ መቅዳት አይችልም፣ እናት ቅጂም አይሠራም። ኤፍኤፍምፔግ ሁለቱንም ይችላል። አስቸጋሪ ነው፤ ተማሪው። ከዕቃዋ ጋር የመጣውን ግን አደራሽን ተዪው። ኤምፒፎር ማውጫውን የሚጽፈው ቅጂው ሲያልቅ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ አይከፈትም። ደብረ ብርሃን መብራት መሄዱን ትቷል እንዳትዪኝ! እናት ቅጂውን ኤምኬቪ በሚባለው ዓይነት አስቀምጪ፤ እሱ ቢቋረጥም እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን ይሰጥሻል።

ካሴቶቹ ከብርዱ ወደ ሱቅሽ ሲገቡ ላብ ያወጣሉ። አንድ ቀን ሙሉ ሳይሞቁ ዴክ ውስጥ አታስገቢ። በመስኮቱ ነጭ ሻጋታ የሚታይበትን ለይተሽ አስቀምጪ፤ አብዱልሀሚድ ከፍቶ ሳያጸዳው እንዳይዞር።

ለአቶ ወርቅአገኘሁ ሳላውቃቸው ሰላም በዪልኝ። እኔም ብሆን ካሜራውን እተው ነበር።

አክስትሽ
ወለተሐና


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ወለተሐና፣

እልልታዬን ላስቀድም ወይስ ሰላምታዬን? ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀበሉኝ!

ኤፍኤፍምፔግ አንድ ሳምንት ሙሉ አሸነፈኝ። አንዲት ነጥብ ስረሳ በቀይ ጽሑፍ ይሰድበኛል። በስምንተኛው ቀን ተሸነፈልኝና የመጀመሪያዋ እናት ቅጂ ወጣች፤ ለአንድ ሰዓት ካሴት ሃያ ስምንት ጊጋ! አብዱልሀሚድ ቁጥሩን አይቶ «ወላሂ ይቺስ እናት ብቻ አይደለችም፣ አያትም ናት» አለ።

ከዚያ የልጅ ቅጂውን ነገር በዓይን እንየው አልኩ። ከቁጥር አሥራ ዘጠኝ ካሴት አምስት ደቂቃ የሠርግ ጭፈራ ቆርጬ በአራት መንገድ አዘጋጀሁትና አብዱልሀሚድ ሱቅ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ በፍላሽ ሰካሁት። ዳኞቹ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ አብዱልሀሚድና ያቺ ስሟን የጻፍኩልዎት ንጋቷ ነበሩ። ንጋቷ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሠርግ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ሚዜ ሆና የምትጨፍረው እሷ ናት።

አንደኛው ከዕቃዋ ጋር በመጣው ፕሮግራም የተቀዳ ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። «ምን ሆነን ነው የተቦጫጨቅነው?» አለች ንጋቷ።

ሁለተኛውን በሃንድብሬክ ሠራሁት፤ ምስሉን የሚያጠራ ማጣሪያ ጨመርኩበት። ጥርሱ ጠፋ፣ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብም ጠፋ። እኔ ወደድኩት። አቶ ወርቅአገኘሁ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉና «የእማማ ትርፌ ንቅሳት የት ሄደ?» አሉ። እውነትም! የሙሽራዋ አያት አንገታቸው ላይ ንቅሳት ነበራቸው፤ ማጣሪያው ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። ሁሉም ሰው ቅባት የተቀባ መስሏል።

ሦስተኛው አዲሱ ኤች ሁለት ስድሳ አምስት የሚሉት ፋይል ማሳነሻ ዘዴ ነው፤ ፋይሉ በግማሽ አነሰ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ «አላውቀውም» አለ። ከመጠለያው ካመጣኋቸው ስድስት ስልኮችም የከፈቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

አራተኛውን በኤፍኤፍምፔግ ሠራሁት፤ በቀድሞው ኤች ሁለት ስድሳ አራት። ካሴት እያንዳንዱን ሥዕል በሁለት ግማሽ እየከፈለ አንዱን አስቀድሞ አንዱን አስከትሎ ነው የሚያስቀምጠው አሉ፤ ሁለቱን ግማሽ አንድ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ እያንዳንዱን ሙሉ ሥዕል አደረግሁት። በሴኮንድ ሃያ አምስት የነበረው ሃምሳ ሆነ። እትዬ፣ ምን ልበልዎት! በሌሎቹ ላይ ደብዝዞ የሚያልፈው ትከሻ አንድ በአንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንጋቷ ከወንበሯ ተነሣች።

«ይሄ ነው! ትከሻዬ እንዲህ ነበር!» አለች፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ አሳየችን። መንገደኛው ሁሉ በር ላይ ቆመ።

በአንድ ድምፅ አራተኛው ተመረጠ። ሌላ ልመና አለኝ፤ በዚህ አያያዝ የእኔ ኮምፒውተር አሥር ካሴት አይችልም። የፕሮግራሙን ነገር ጨርሻለሁ፤ አሁን የምለምንዎት ማስቀመጫ ዲስክ ነው።

ሔራን


ፕራግ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሔራን ልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ እጄ መታገሥ አልቻለም።

የንቅሳቱን ነገር ለቀድሞ ባልደረቦቼ ነግሬ እንዴት እንደተደሰቱ! በሙያችን ለዓመታት የተከራከርንበትን አቶ ወርቅአገኘሁ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ማጣሪያ አትጨምሪ። የሚርመሰመሰው ነጠብጣብም የካሴቱ ነው፤ ይቆይ።

ለሃንድብሬክ ግን ፍርደ ገምድል አትሁኚ፤ ያንን ሃምሳ ሥዕል እሱም ይሠራዋል፤ ውስጡ ገብተሽ «ቦብ» የሚለውን ብትመርጪ ነበር። ቢሆንም አርባ ሦስት ካሴት አንድ በአንድ እየከፈቱ ቁልፍ ከመጫን፣ አንድ ትእዛዝ ጽፎ ሁሉንም ማሰለፍ ይሻላል። በኤፍኤፍምፔግ ቀጥዪ፤ መሐል መቁረጥ ያለበት ሲኖር ብቻ ሃንድብሬክን ጥሪው።

ሁለት ትልልቅ ዲስክ ገዝቻለሁ። ፍቅርተማርያም የምትባል የእኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ኅዳር 8 ትበራለች፤ በእሷ እልካለሁ። አንዱ ያንቺ ሱቅ ይቀመጥ። ሌላው እናት ቅጂዎቹን ሁሉ ደግሞ ይዞ አንኮበር አባትሽ አድማሱ ቤት ይግባ። አንድ ቤት ቢቃጠል ሁለተኛው ይኖራል።

የንጋቷ የራሷ ሠርግ ካሴት ተራው ደረሰ? የማላውቃት ልጅ ትከሻ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ወለተሐና


ፕራግ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሔራን፣

እንደምን አለሽልኝ? አራት ሳምንት ሙሉ ወሬሽ ጠፋ። ፍቅርተማርያም ጉዞዋ ተሰናክሎ እስካሁን አልሄደችም፤ ዲስኮቹም እዚህ ናቸው። በእሱ ተቀይመሽ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በፖስታ ልኬው ቢሆን ይደርስ ነበር።

አድማሱን ደውዬ ጠየቅሁት። «ልጅቷ ደህና ናት፣ ብቻ ዝም ብላለች» አለኝ። አንቺ ዝም የምትዪ ልጅ አይደለሽም። በቴሌግራምም ቢሆን፣ አንዲት መስመርም ብትሆን፣ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ ወለተሐና፣

ሰላምታዬን በሐፍረት እልካለሁ። ዲስክ በመዘግየቱ አልተቀየምኩም። አጥፍቼ ነው ዝም ያልኩት።

ኅዳር 12 ቀን ንጋቷ መጣች። በማግስቱ ለአጨዳ ሥራ ወደ ደነባ ልትሄድ ነው፣ መቼ እንደምትመለስ አታውቅም። የራሷ ሠርግ ካሴት ቁጥር ሠላሳ አራት ነው። ባለቤቷ መልካሙ ልጃቸው ሁለት ዓመቷ ሳለ ታሞ ዐርፏል፤ ፎቶው ሁሉ እዚያው ቀርቷል። ልጅቷ መሰረት ትባላለች፣ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፣ አባቷን አታስታውሰውም። «ሔራንዬ፣ ዛሬ ብቻ በስልኬ አድርጊልኝና ደነባ ይዤው ልሂድ» አለችኝ።

ኮምፒውተሬ ሞልቶ ነበር። እናት ቅጂ የሚይዝ ቦታ አልነበረኝም። ካሴቱ መስኮት ላይ ጥቂት ነጭ ነገር አየሁ፤ ትንሽ ነው አልኩ። ያንን ከዕቃዋ ጋር የመጣውን ፕሮግራም ከፍቼ በቀጥታ ወደ ኤምፒፎር መቅዳት ጀመርኩ። «እናት ቅጂውን ዲስኩ ሲመጣ እሠራለሁ፣ ለዛሬ ብቻ ነው» ብዬ። እርስዎ አደራ ያሉኝን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጣስኩት።

ሃምሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።

ሲመለስ ፋይሉ አንድ ነጥብ አራት ጊጋ ሆኖ ተቀምጧል፣ ግን በምንም አይከፈትም። ካሴቱን ከዴኩ ላወጣ ስል አልወጣ አለ። አብዱልሀሚድ መጥቶ ሲከፍተው ጥብጣቡ ከሻጋታው ጋር ተጣብቆ፣ ተጨማዶ አራት ቦታ ተበጥሷል፤ ምስሉን የያዘው ቅብም ተፍቆ እንደ ጥላሸት እጁ ላይ ቀረ። «ወላሂ እጄን ቢቆርጡኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም።

ለንጋቷ «ካሴቱ መሞቅ አለበት፣ ስትመለሺ ይደርሳል» አልኳት። ዋሸኋት። እሷ አምናኝ ደነባ ሄደች። አሁን ተመልሳለች፤ ትናንት በሱቄ በር ስታልፍ እጇን አውለበለበችልኝ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ተደበቅሁ። ለአቶ ወርቅአገኘሁም አልነገርኩም። ያንን የማይከፈት ፋይል በየቀኑ አየዋለሁ፤ ላጠፋው እልና እጄ እምቢ ይለኛል።

ዲስኩን አይላኩት እትዬ። ሥራውን ለሌላ ሰው ልስጥ ብያለሁ።

ሔራን


ፕራግ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዚያው ዕለት

ሔራን!

ዛሬ ሰላምታ የለም። ያንን ፋይል እንዳታጠፊው! ስሙንም አትቀይሪ። መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪውና በግልባጩ ላይ ብቻ ሥሪ። አሁን ቁጭ በዪና አንብቢ።

ማውጫው አልተጻፈም አልኩሽ እንጂ ምስሉ የለም አላልኩሽም። አንድ ነጥብ አራት ጊጋ ባዶ አይደለም፤ የመልካሙ ሠርግ ነው። ፋይሉ ማውጫ እንደሌለው መጽሐፍ ነው፤ ገጾቹ ሁሉ አሉ፣ ማጫወቻው ግን የት እንደሚጀምሩ አያውቅም። የተቆረጠ ኤምፒፎርን የሚጠግን ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አድራሻውን ለብቻው ልኬልሻለሁ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በዚያው ዕቃ፣ በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ቅንብር የተቀዳ ጤነኛ ፋይል። ሌላ ካሴት አስገቢና አምስት ደቂቃ ቅጂ፣ በወጉ ዝጊው። ፕሮግራሙ የጤነኛውን አሠራር አይቶ ለታመመው ማውጫ ይሠራለታል። እኛ ቤተ መዛግብት ብዙ ጊዜ ሠርቶልናል። አንዳንዴም አልሠራም፤ አልዋሽሽም።

ስለ ጥፋትሽ ልንገርሽ። በ1984 ዓ.ም. አንኮበር የመጣሁ ጊዜ ትንሽ የፊልም ካሜራ ይዤ ነበር። እናቴን፣ ያንቺን አያት፣ በሁለት ጥቅል ፊልም ቀረጽኳት። እዚህ ስመለስ «የራሴ ነው፣ ይቆያል» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የሰውን ፊልም ስንት ሺህ ጥቅል አዳንኩ! ከሃያ ዓመት በኋላ መሳቢያውን ስከፍት የኮምጣጤ ሽታ መጣ። ፊልም ሲበሰብስ እንዲያ ይሸታል። ምንም አልተረፈም። ለአድማሱ ነግሬው አላውቅም። አንቺ በአንድ ወር ልምድ፣ ለሰው አዝነሽ፣ ቸኩለሽ አጠፋሽ። እኔ በሙያው አርጅቼ፣ ሳልቸኩል አጠፋሁ። ስለዚህ ሥራውን ለሌላ ሰው አትሰጪም።

ፕሮግራሙን ከመሞከርሽ በፊት ግን ለንጋቷ እውነቱን ንገሪያት። ቢድንም ባይድንም ማወቅ መብቷ ነው።

ዲስኮቹን ዛሬ ጠዋት በፈጣን ፖስታ ልኬያለሁ፤ አይላኩ ያልሽኝ ከረፈደ ነው።

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ወለተሐና፣ ለእኔ እናትም አስተማሪም ለሆኑት፣

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዲስኮቹ ደረሱ። ግን ይቆዩ፣ በቅደም ተከተል ልንገርዎት፤ ጣቴ ፊደሉን እየሳተ ነው!

መጠለያው ድረስ ሄጄ ለንጋቷ ሁሉንም ነገርኳት። መዋሸቴንም። እሷ የምታጥበውን ልብስ ጨመቀች፣ አሰጣች። ከዚያ «ስትደበቂ አይቼሽ ነበር» አለችኝ። «ምን እንደበደልኩሽ ሳስብ ነው የከረምኩት።» እትዬ፣ ከዚህ በላይ ስድብ አለ? ይቅርታ ጠየቅኋት። «ስትሞክሪው አጠገብሽ እሆናለሁ፤ ከእንግዲህ እኔ ሳላይ እንዳትነኪው» አለች። ሄድን፤ መሰረትም ተከተለችን።

የመጀመሪያው ሙከራ ድምፅ ብቻ ሰጠን። ክራርና ሆታ፤ ምስሉ አረንጓዴ ብቻ። ንጋቷ ድምፁን ስትሰማ የልጇን እጅ ያዘች። ሁለተኛው ምንም። ኋላ ጤነኛውን ፋይል ስመረምር የድምፁን ቅንብር ቀይሬ እንደቀዳሁት አየሁ፤ «በዚያው ቅንብር» ብለውኝ ነበር። እንደገና ቀዳሁ።

ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ መቁጠር ጀመረ። አርባ ሰባት ደቂቃ! ከሃምሳ አንዱ አርባ ሰባቱ! ከፈትኩት። አንድ ረዥም ወጣት ጥቁር ኮት ለብሶ፣ አንገቱን እንደታነቀ ሰው አቅንቶ ቆሟል። ከካሜራው ኋላ የአቶ ወርቅአገኘሁ ድምፅ «መልካሙ፣ ተንፍስ እንጂ!» ይለዋል። ሰውየው ሳቀ።

መሰረት ወደ ምስሉ ተጠግታ ብዙ አየችው። «እማ፣ አፍንጫዬ እሱ ጋ ነው!» አለች።

ንጋቷ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገች። እኔም። አብዱልሀሚድ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ወጥቶ ለሁላችንም ለስላሳ ገዝቶ መጣ። ንጋቷ «አሁን በስልኬ አድርጊልኝ» ስትል «የለም፣ መጀመሪያ ሁለቱ ዲስኮች ላይ!» አልኳት። ሁለቱ ላይ እስኪገለበጥ ቆማ ጠበቀች።

ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳዬ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ካሴቱ ይሙቅ። ሻጋታው ይጸዳ። በኤፍኤፍምፔግ እናት ቅጂ፣ በኤምኬቪ። ሁለት ዲስክ ላይ። ከዚያ ብቻ ልጅ ቅጂ፣ በሃምሳ ሥዕል፣ ያለ ማጣሪያ። አብዱልሀሚድ ከስሩ «መብራት ቢኖርም እንደሌለ ቁጠሪ» ብሎ ጨመረበትና አንድ የጠገናትን መጠባበቂያ ባትሪ ሰጠኝ። በቀን ሁለት ካሴት እየወጣ ነው። ጥር 18 እሑድ ሊታይ ተቆርጧል።

የመሳቢያውን ነገር ለአባባ አልነግረውም። እርስዎ ይንገሩት።

ሔራን


ፕራግ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሔራን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለዚያች ባለ አፍንጫም። ዛሬ ጠዋት አድማሱ ጋ ደውዬ ነገርኩት። ሰማኝና «እኔ እኮ ድምጿን አስታውሰዋለሁ፤ ስትመጪ እየመሰልኩ አሰማሻለሁ» አለኝ። ወንድሜ የእናታችንን አነጋገር ሲኮርጅ ብትሰሚው! በስልኩ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

የጥር 18ቱን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ወለተሐና፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ድምፄ ተዘግቷል፤ ለምን እንደተዘጋ ሲያነቡ ይገባዎታል።

ከአርባ ሦስቱ አርባ አንዱ አለቁ። ሁለቱ አብዱልሀሚድ ጋ ጥብጣባቸው እየተቀጠለ ነው። አባባ ባለፈው ሳምንት ከአንኮበር መጥቶ የእርስዎን ዲስክ ተቀበለና በነጠላ ጠቅልሎ በጉያው ይዞት ወጣ። የመሬት ደብተሩ ካለበት ሣጥን አስገብቶ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

እሑድ ዕለት ሦስት መቶ ሰው ያህል መጣ። በመጠለያው አዳራሽ ሁለት ነጭ አንሶላ ሰፍተን ሰቀልን፣ ፕሮጀክተር ተዋስን፣ ጀነሬተር አስነሣን። ከየካሴቱ ቆራርጬ የሁለት ሰዓት ፊልም ሠርቼ ነበር። ስጀምረው ሰው ሁሉ ወፍሮ አጥሮ ታየ! ፕሮጀክተሩ ምስሉን ወደ ጎን ለጥጦታል። «እንዲህ ጠግበን ነበር እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አስተካከልኩትና ሁሉም ወደ ልኩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ብቻውን አልተናገረም። አንድ ፊት ብቅ ባለ ቁጥር ስም ይጠራል። «ያቻት!» «እሱ ደሴ ነው ያለው!» «ይሄ እኮ የኔ በሬ ነው!» የሞተ ሰው ሲታይ አንድ ሰው «ነፍሱን ይማር» ይላል፤ ከዚያ ወዲያው ሌላ ሳቅ። አቶ ወርቅአገኘሁ አንሶላው ጥግ ቆመው እንደ ታዛቢ ሕዝቡን ብቻ ያዩ ነበር። «ፊልሙን አያዩም?» አልኳቸው። «እሱንማ ስቀርጽ አይቼዋለሁ» አሉኝ።

የመጨረሻው የጥሩዓለምና የደምሰው ሠርግ ነበር። በዚያ ሠርግ ዘፈን የምታወጣው እማማ ዘርፌ የምትባል ሴት ናት፤ ፊልሙ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ከበሮ ታስመታለች። አሁን ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ራሷን ዝም ብላ ሰማች። ቆይታ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ፊልሙ ላይ ያለችው አንድ ስንኝ ስታወጣ፣ እዚህ ያለችው ቀድማት ቀጣዩን አወጣች! ሕዝቡ ተቀበለ፤ አንሶላው ላይ ያሉትም፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉትም፣ እነዚያው ሰዎች። ሙሽራዋን ጥሩዓለምን ጎትተው አስነሡ፤ «አርጅቻለሁ» እያለች ነበር፣ ደምሰው ግን አልለቀቃትም። የአባባን ዕድሜ የሚያህሉ ሰዎች ወንበር እያነሡ መሐሉን ባዶ አደረጉ።

ፊልሙ አለቀ፤ አንሶላው ነጭ ሆነ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፣ ዘፈኑ ቀጠለ። አብዱልሀሚድ የጀነሬተሩን ድምፅ ለመቀነስ አጠፋው፤ የሸፈንነውን መስኮት ስንከፍት የገባው የከሰዓት ፀሐይ በቃን። እኔ የፕሮጀክተሩን ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። ንጋቷ መጣችና ገመዱን ከእጄ ነጥቃ መሬት ጣለችው።

«ይሄን ነገ ትጠቀልይዋለሽ» ብላ ወደ መሐል ጎተተችኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ሔራን አድማሱ